እማ አልሞተችም፣ ቪዲዮው ነው የቆመው

አዲስ አበባ፣ ሲ.ኤም.ሲ
አርብ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም

ጆኒዬ፣ የእናቴ ልጅ፣

እባክህ ዛሬን እመነኝ። ዛሬን ብቻ። ከዛሬ በኋላ ዕድሜ ልክህን ውሸታም በለኝ፣ ስሜን ከስልክህ አጥፋው፣ እህት የለኝም በል፣ አልቀየምህም፣ ዛሬን ግን እመነኝ። እማ አልሞተችም። እዚሁ አጠገቤ ናት፣ ይቺን ስጽፍልህ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተጋድማለች፣ ትንፋሿ ይሰማኛል። ድሮ አንተን ለማሳመን እማ ትሙት እልህ ነበር፣ አንተም በቃ እሺ ትለኝ ነበር። አሁንም እሱን ልጽፍልህ ብዬ እስክሪብቶውን ሳነሳ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ያለ መሐላ እመነኝ።

ጠሀ ሁሉን ነገረኝ። ስልክህን ስትዘጋብኝ ጊዜ ለሱ ደወልኩለት፣ ከአንተ ጋር አንድ ክፍል የሚያድር ሌላ ማንን አውቃለሁ። ገና ሃሎ ስለው አላህ ያጽናሽ አለኝ። ምኑን ነው የሚያጽናኝ አልኩት። ከዛ ነው ራስህን መላጨትህን የነገረኝ፣ ፍራሽ ተዘርግቶልህ መሬት መቀመጥህን፣ ሻርጃ ያሉ የሀገር ልጆች ከስራ ሲወጡ እየመጡ ለቅሶ እንደሚደርሱህ፣ መጋዘኑም እረፍት እንደሰጠህ። ጆኒ፣ ለቆመች እናትህ ነው ፍራሽ ላይ የተቀመጥከው። ጠሀ ሲናገር የውሃው ታንከር ስር ቁጭ አልኩ። ድምፅ ልላክለት ስለው አይሰማም፣ የድሮ ቅጂ ነው ይላል አለኝ። ፎቶም ያው። በእጅሽ ወረቀት ላይ ጻፊና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የእጅ ጽሑፍሽን ያውቀዋል፣ ከጁምዓ ስመለስ ስልኬን ፊቱ ይዤ እቆማለሁ፣ ሳያነብ አልንቀሳቀስም አለኝ። አላህ ይስጠው። እና ይኸው እየጻፍኩ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ፊደል ብገድፍ እንዳትስቅብኝ። ወይም ሳቅ። ብትስቅ ደስ ይለኛል።

ያን የላክልኝን መልእክት አይቼዋለሁ። የት ነው የቀበራችኋት፣ አርባዋስ ወጣ ወይ ያልከውን። እሱን ሳነብ እማ ከአልጋዋ ላይ ሆና የጆኒ ነው አይደል፣ ምን አለ አለችኝ። ሰላም በያት ብሏል አልኳት። ምን ልበላት።

ለምን እንደማታምነኝ ይገባኛል። አባባ ሣህሌ ሲሞት የሆነውን አንተም አትረሳው፣ እኔም አልረሳው። አጎቶቻችን ሰው ሀገር ብቻውን መርዶ አይሰማም፣ የሚያረዱት ሰዎች እስኪገኙ አንቺ ዝም በይ አሉኝ፣ እኔም ልጅ ነበርኩ፣ አባባ ተቀብሮ እንኳን አቅርቢልኝ ስትለኝ ተኝቷል እልህ ነበር። አንተ እየሳቅክ ይሄ ሰውዬ ደግሞ መቼ ነው የሚነቃው ትለኝ ነበር። በኋላ የሀገር ልጆች ክፍልህ ድረስ መጥተው ሲያረዱህ ደወልክና አንድ ነገር ብቻ አልከኝ።

"ከእንግዲህ ካንቺ አፍ ተኝቷል የሚል ቃል እንዳልሰማ።"

እሺ አልኩህ። እሺ ማለት ቀላል ነው። ሰው ግን እውነትም ይተኛል ጆኒ፣ እሱን ማን አሰበው።

አሁን ያን ምሽት ከእኛ በኩል ምን እንደነበር ልንገርህ። ከአንተ በኩል የታየህን አሁን አውቄዋለሁ፣ እንዴት እንዳወቅኩት ቆይቼ እነግርሃለሁ። እማ ከሐኪም ቤት ስትወጣ እቴቴ አሳየች፣ አሰሪዬ፣ እንጦጦ ስር ብቻዋን ማን ያያታል፣ አምጪያትና ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ካንቺ ጋር ትሁን እንዳሉኝ ነግሬህ ነበር። የዋይፋዩንም ፓስወርድ የሰጡኝ ልጇን እንድታይ ብለው ነው። አንተ ከስራ የምትገባው ሲመሽ፣ የምትደውለውም ሲመሽ። ያን ዕለትም ደወልክ። ስልኩን በስኳር ቆርቆሮው አስደገፍኩት፣ እማ ሻሿን አስተካከለች። ከሳሽ አልካት፣ አንተ ነህ እንጂ የወፈርከው አለችህ፣ ሳቅክ፣ ከዛ ቀጥ አልክ። ዓይንህ ግማሽ ተከድኖ፣ አፍህ ትንሽ ከፈት ብሎ፣ እንዳለህ ቀረህ። እማ በአውራ ጣቷ ጉንጭህን እስክሪኑ ላይ ነካ ነካ አረገችህ።

"ውይ ልጄን፣ እንቅልፍ ጣለው። ሲሸከም ውሎ እኮ ነው። አትቀስቅሺው፣ ዝጊው።"

ኔትወርክ ነው ልላት ስል ስልኩን ራሷ በፊቱ ደፋችው፣ ብርሃኑ እንዳይረብሽህ ብላ። እኔም ዘጋሁት። አልደበቅንህም ጆኒ። እንድትተኛ ብለን ነው የዘጋነው።

አንተ ደግሞ እዛ ሆነህ እሷ ቀጥ ብላ አየሃት፣ ከዛ ጨለመብህ። ቆይተህ በድምፅ ስትደውል መድኃኒቷ ወስዷት ነበር፣ መድኃኒቱ እንደ ዋጠችው ነው የሚያስተኛት። አቅርቢያት አልከኝ። ተኝታለች አልኩህ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አንተም ሰማኸው። ፎቶ ነው አስደግፈሽ ያሳየሽኝ፣ ድምፁንም ቀድታችሁ ነው ያስቀመጣችሁት አልከኝና ዘጋህ። በማግስቱ ግን አላስቻለህም መሰለኝ እንደገና ደወልክ፣ እኔ በደስታ እማን ከትራሷ ቀና አረግኳት፣ ገና ስምህን ስትጠራ ያው ቀጥ። ከዛ ወዲህ አላነሳህልኝም። በስልኬ ዳታ ልሞክር ብዬ ነበር፣ ሰርቪሱ ውስጥ አይይዝም፣ እሷን ደግሞ ወደ ውጪ ማውጣት አልችልም።

ዋቅቶላ ጋ ሄጄ አለቀስኩበት። የእቴቴ ልጅ ነው፣ የቤተክርስቲያናቸውን መዝሙርና ስብከት በካሜራ የሚቀርጸው፣ ፀጉሩን የሚያሳድገው ብዬ የነገርኩህ። ሰው ሲያለቅስበት መቆም አያውቅም፣ በቃ በቃ እሠራዋለሁ አለኝ። መጀመሪያ ጎረቤት ነው የሚሰርቀን ብሎ ፓስወርዱን ቀየረው። ማታ ያው ሆነ። ከዛ መስመሩ ነው ብሎ ባለሙያ ጠራ፣ ሰውየው በቀን መጥቶ ለካና መስመራችሁ ደህና ነው ብሎ ሄደ። ከዛ ራውተሩን ከቁምሳጥን አውርዶ መስኮት ላይ አረገው። ያው። እቴቴ አሳየችም በበኩላቸው አንድ ምሽት ራውተሩ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩበት፣ ቆመን አሜን አሜን ስንል፣ እና ጆኒ አትስቅ፣ ከጸሎቱ በኋላ ሠራ። ዋቅቶላ አፉን ይዞ ቀረ። እማ ስነግራት በሳቅ አሳላት፣ እኛም የኪዳነ ምሕረትን ጠበል እንረጭበት ነበር፣ ይነዝረናል እንጂ አለችኝ። ሮጬ ደወልኩልህ፣ አላነሳህም። በማግስቱ ማታ ደግሞ ያው ቀጥ ማለቱ ተመለሰ። የእቴቴ ጸሎት ረጅም ነው፣ ያን ዕለት ጸልየው እስኪጨርሱ የዋቅቶላም ስራ አልቆ ኖሯል፣ ያ የገባን ግን በኋላ ነው።

ስራው ምን መሰለህ። ቀን ሲቀርጽ ይውልና ማታ ሲገባ ቪዲዮውን ከላፕቶፑ ሳሎን ወዳለው ትልቅ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል። ሁሌም ማታ ነው፣ እራት እስኪቀርብ። አንተ ከስራ በምትገባበት ሰዓት ማለት ነው። እኔ ይሄን አላያያዝኩትም፣ እሱም አላያያዘውም። አንድ ቀን ራሱን እያከከ ቀን ይሠራል፣ ማታ ይቆማል፣ ማታ ምን አለ እዚህ ቤት አለ። ማታ አንተ አለህ አልኩት። እንዲሁ አፌ ላይ መጣልኝ እንጂ አውቄ አይደለም። እኔ ነኝ ኔትወርክ የምበላው ብሎ ሳቀብኝ። ቪዲዮው እኮ ከክፍሌ ወደ ሳሎን ነው የሚሄደው፣ ከግቢ አይወጣም፣ ኢንተርኔት ምን አገባው አለ።  ቆይቶ ግን እስቲ ሰርቪስ ግቢና በቪዲዮ ልደውልልሽ አለኝ።

ደወለልኝ። እሱ ክፍሉ ነው፣ እኔ እማ እግር ስር። አየኝ፣ አየሁት። አሁን መገልበጥ ልጀምር ነው አለኝ፣ እሺ አልኩት፣ እሺ ብዬ ሳልጨርስ ቀጥ። ምንም የለም። ቆየና ድምፁ ተመለሰ፣ አቆምኩት፣ ታየሁሽ ወይ አለኝ። ታየኸኝ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ቀጥ። አቆመ፣ ተመለሰ። ከዛ ግቢውን በሩጫ አቋርጦ ስልኩን ይዞ መጣ፣ እኔ ደርቄ የቀረሁበትን እስክሪን ፎቶ አንስቶት፣ እይው ይኸው ይኸው እያለ፣ ምክንያቱን ስላገኘው ደስ ብሎት።

አየሁት። ጆኒ፣ ሬሳ ነበርኩ። ዓይኔ ግማሽ ተከድኖ ነጩ ይታያል፣ አፌ ወደ አንድ ጎን ወርዷል፣ እጄ አንገቴ ጋ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እኔ ጤነኛዋ፣ ጠዋት ልብስ ሳጥብ የዋልኩት። እስከዛን ሰዓት ድረስ በውስጤ ስቆጣህ ነበር፣ እንዴት ሰው እናቱን እንዲህ ያስባል እያልኩ። ያን ሳይ እኔ እንዲህ ከሆንኩ እማ ደግሞ ከስታ፣ ሻሽ አስራ፣ ትራስ ላይ ሆና ምን ሆና ነው የታየችህ አልኩ። ይቅር በለኝ። በቦታህ ብሆን እኔም ፀጉሬን እላጭ ነበር።

ዋቅቶላ ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው ያለኝ። ቪዲዮው ከግቢ ባይወጣም በአየር ነው የሚሄደው፣ መጀመሪያ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ደግሞ ተመልሶ ወደ ሃርድ ዲስኩ። ያው አንዱ ሸክም አየሩን ሁለት ጊዜ ይሞላዋል። የእናንተ ወሬ በመሃል መሳፈሪያ ያጣል፣ ማታ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንደ መቆም በይው አለኝ። እሱ ይገባሃል መቼም፣ ስንቴ ተሰልፈህበታል። ሰርቪሱ ደግሞ ከራውተሩ ሩቅ ስለሆነ መጀመሪያ የምንቀረው እኛ ነን።

ያን ዕለት እራቱን አልበላም። ሰርቪስ መጥቶ እማ አጠገብ ተንበርክኮ እማማ፣ ልጅዎን የከለከልኩዎት እኔ ነኝ አላት። እማ ጭንቅላቱን ዳሰሰችው። አንተ ምን አረግክ፣ የእግዜርን መዝሙር ነው የምትገለብጠው አለችው። እሱ ወጥቶ ደጅ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ በመስኮቱ አየሁት።

አሁን ተስተካክሏል። ከጉርድ ሾላ ኬብል ገዝቶ ላፕቶፑንም ሃርድ ዲስኩንም በሽቦ ራውተሩ ላይ ሰካቸው፣ ሲገለብጥ በአየር የሚሄድ ነገር የለም። ራውተሩንም በረጅም ሽቦ እስከ ጓዳው መስኮት አመጣው፣ ከእማ አልጋ ይታያል፣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ሲል ያ ነው አይደል ልጄን የሚያመጣው ትለኛለች። ሞከርነው፣ እየገለበጠም ቪዲዮው አልቆመም። ለሁሉም ብሎ ደግሞ እስከምትደውል ምንም አልገለብጥም ብሏል፣ ቤተክርስቲያኑ ለእሁድ የሚጠብቀውን እንኳን።

እማ ደህና ናት። ደከም ብሏታል እንጂ ደህና ናት። ሐኪሙ ቤቷ ትረፍ ነው ያለው። ዛሬ ጠዋት የነፍስ አባቷ መጥተው ነበር፣ እንዲሁ ሊጠይቋት ነው። ቆረበችም። ጤነኛም እኮ ይቆርባል። እግሯ ቀዝቀዝ ብሏል፣ የጥቅምት ብርድ ነው፣ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አርጌ ከስሩ አስገባሁላት፣ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይበርዳል፣ እቀይረዋለሁ። እህል አትፈልግም፣ ውሃ በማንኪያ ትቀበለኛለች። እቴቴ አሳየች ዛሬ ለጸሎታቸው አልሄዱም፣ እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ነው የዋሉት፣ ለምን እንደቀሩ አልጠየቅኳቸውም።

አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዞርነው፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲሆን፣ ስትደውል በደንብ እንድታያት። ከዛ እንጦጦ ይታያታል። ያ የሚጠቁረው ባሕር ዛፉ ነው አይደል ትለኛለች። እንጨት ተሸክማ የወረደችበትን መንገድ ስትፈልግ ቆየች፣ ከዚህ አይታይም፣ እኔ ግን አዎ ያ ነው አልኳት።

ጠዋት ደግሞ ጨክኜ ነገርኳት። ጆኒ አንቺ መሆንሽን አላመነም፣ ፎቶ ነው ያሳያችሁኝ ይላል አልኳት። እኔ ፎቶ የተነሳሁት ለመታወቂያ ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ ሌባ ነው የምመስለው አለች። ከዛ እጄን ያዘችኝ።

"እንዲህ ብለሽ ጻፊለት። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመን ስንወርድ ዘበኛው ይዞን ሸክሜን ሊወስድ ሲል፣ አንተ ምን አልከው በይው። ይደውልና ይንገረኝ። ልክ ከሆነ ልክ ነህ እለዋለሁ። ፎቶ እንዲህ አይል።"

ምን አለው እማ አልኳት። እሱ ያውቃል፣ አንቺ አልተወለድሽም አለችኝና ፈገግ አለች፣ ያቺን የድሮዋን፣ በአንድ በኩል የምትስቃትን። ደጋግሜ ለመንኳት፣ አልነገረችኝም። እኔ አላውቀውም ጆኒ። ማንም አያውቀውም፣ ማንም አልቀዳውም። አንተና እሷ ብቻ ናችሁ ያላችሁት። አሁን ከእኔ አፍ ምንም አትመን፣ እሺ፣ እሱን ራሷን ጠይቃት። ድምፏ አነስ ስላለ ስልኩን ጆሮህ ላይ አስጠግተው፣ ቪዲዮ ቢሆንም አስጠግተው። የተላጨውን ራስህን በኮፍያ ሸፍነው፣ እንዳይታያት።

መርቂው አልኳት፣ መረቀችህ። የምትሸከመው ይቅለልህ ብላሃለች። የኔን ትከሻ የከበደው ለሁለታችሁም ይብቃ፣ ያንተን ጌታ ያቅልልህ፣ በሰው ሀገር የሚያነሳህ አይጥፋ፣ ጠሀንም ልጄ በይልኝ ብላለች። እኔም አሜን ብያለሁ፣ እቴቴም አሜን ብለዋል።

ናፋቂህ እህትህ፣ ሃይሚ

ወረቀቱን ፎቶ ላነሳው ስል ዞሬ አየኋት፣ ፀሐይዋ ከመስኮቱ እየሸሸች ነው፣ አሁን ከአንገቷ በላይ ብቻ ነው ያለችው። ዓይኗን ገልጣ ደወለ ወይ አለችኝ። ሊደውል ነው አልኳት። ዋቅቶላ ማታም አይገለብጥም፣ ኔትወርኩ ማታም ይሠራል፣ ስለ ኔትወርክ ቢሆን በፈለግከው ሰዓት ደውል እልህ ነበር። ማታ ግን አልልህም ጆኒ። ለምን አትበለኝ። ከፍራሹ ተነሳና ሳይመሽ ደውል።